ልብስ ያልሆነው ክር

ጎራክፑር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ካሉት መድኃኒት ቤቶች በአንዱ ቆሜ፣ ወገቤ ላይ ለሚያሳክከኝ ነገር ቅባት ልገዛ ስል፣ ከትከሻዬ በላይ አንድ እጅ ተዘርግቶ ባለሱቁ ያወጣልኝን ቱቦ ከባንኮኒው ላይ አፈፍ አደረገው።

«ይሄንን ለእሳቸው አትስጥ!»

ዞር ስል ካኪ የለበሰች ወጣት ፖሊስ ናት። ቀበቶዋ ጥብቅ፣ ጫማዋ የሚያብረቀርቅ፣ ፊቷ ግን ገና የተማሪ ፊት። ባለሱቁ ሊታሰር ነው መሰለው፤ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«እኔ ምን አጠፋሁ እህቴ? ራሳቸው ናቸው የጠየቁኝ።»

«መርዝ ቢጠይቁህስ ጠቅልለህ ትሰጣለህ?»

«ቅባት እኮ ነው! ከተማው ሁሉ የሚቀባው ነው!»

«ለዚህ ነዋ ከተማው ሁሉ የሚያክከው።»

ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ጆሮውን አቆመ። እኔ የከተማውን ግማሽ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ወገቤን እንደሚያሳክከኝ የቀረው ግማሽ እንዲያውቅ አልፈልግም። «ልጄ፣ ድምፅሽን ቀነስ» አልኳት። አፈረች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ዲዲ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች፤ ታላቅ እህቴ ማለቷ ነው። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ክብ ነው?»

«ክብ ነው።»

«ጠርዙ ቀላ ያለ፣ መሃሉ የዳነ የሚመስል?»

«ጠንቋይ ነሽ እንዴ?»

«የቀድሞ ባለቤቱ ነኝ» አለች።

ሳልወድ ሳቅሁ። ታዲያ ምን ይሻላል ብላት፣ «ለጊዜው ሻይ ይሻላል፤ ባቡሬ ገና ነው» ብላ ሻንጣዋን አነሳች። ከመድኃኒት ቤቱ ጎን ካለው ሻይ ሻጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። በሸክላ ኩባያ ሻይ፣ በጋዜጣ ቁራጭ ሳምቡሳ ያዝን። ባቡሯም እንደ ልማዱ ዘገየና ታሪኳን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማሁ።

ስሟ ኩሙድ ነው። ያደገችው ራፕቲ ወንዝ ዳር ካሉት ጠባብ ሰፈሮች በአንዱ፣ አያቷ፣ እናቷ፣ አጎቷ፣ የአጎቷ ሚስትና ልጆቻቸው በታጨቁበት ቤት ነው። አባቷ ዴልሂ ፋብሪካ ይሠራል፤ ለበዓል ብቻ ይመጣል። ኩሙድ የምትተኛው ከአያቷ ጋር በአንድ አልጋ ነው። ቤተሰቡም ሰፈርተኛውም አያቲቱን «ዳዲ» ነው የሚላቸው። ቀጭን፣ ተናጋሪ፣ ሁሉን የሚያዝዙ ሴት ናቸው።

ኩሙድ ገና ትምህርት ቤት እያለች ፖሊስ ካልሆንኩ አለች። አጎቷ ብሪጅናንዳን በዚህ ይቀልድባት ነበር። «አንቺ ድመት ትፈሪያለሽ፤ ሌባው ድመት ይዞ ቢመጣስ?» ይላታል። እሷ ግን ጎህ ሲቀድ ተነስታ የወንዙን ግድብ ይዛ ትሮጣለች። ዝናብ ይዝነብ፣ ጭቃ ይሁን፣ ያችኑ ጠባብ ሱሪዋን ለብሳ ነው። ላብ በላብ ሆና ትመለሳለች፤ ሱሪው ቤት ውስጥ ተሰጥቶ ሳይደርቅ ያድራል፤ በማግስቱ ያንኑ ትለብሳለች። የመጀመሪያዋ ክብ ወገቧ ላይ የወጣችው በዚያ ክረምት ነው።

«ሳንቲም ታክል ነበር» አለችኝ። «ስታሳክክ ግን አያድርስ ነው። አጎቴ አየኝና ሱቅ ሄዶ ቱቦዋን አመጣልኝ። በሁለተኛው ቀን ጸጥ! ማሳከክ የለ፣ መቅላት የለ። ላላንን፣ ባለመድኃኒት ቤቱን ማለቴ ነው፣ እንዴት መረቅሁት መሰለዎት!»

ቱቦዋ አለቀች፤ ክቧ ተመለሰች፤ ብቻዋን ግን አልመጣችም። ከወገብ ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ጀርባ ሄደች። ሌላ ቱቦ ተገዛ፤ ደግሞ ጸጥ አለ፤ ደግሞ ተመለሰ። እስከዚያው እናቷ ክንዳቸው ላይ ወጣባቸው፤ የአጎቷ ሚስት አንገቷ ላይ፤ ልጆቹ እግራቸው ላይ። ቤቱ ሁለት ፎጣና አንድ የልብስ ሳጥን ነው ያለው፤ ሁሉም በተራ በፎጣዎቹ ገላውን ያደርቃል። ቱቦዋም እንደ ጨው ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። «የጥርስ ሳሙና እንኳ እንደዚያ ተጋርተን አናውቅም» አለች ኩሙድ፣ ሳምቡሳዋን ለሁለት እየገመሰች።

እዚህ ላይ እኔም አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ ጭርት በእኛ ከተማ የክረምት እንግዳ ነበር። ዝናብ ሲገባ ይመጣል፣ ብርድ ሲገባ ይሄዳል። ለጥቂት ጊዜ ክኒን የዋጠ ሰው ረስቶት ይኖራል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን እንግድነቱን ትቶ ቤተኛ ሆኗል። ብርዱም ሙቀቱም አያስወጣውም፤ አንድ ሰው ከያዘ ቤቱን ሁሉ ሳያዳርስ አይለቅም። ተማሪዎቼ ጠረጴዛ ሥር ሲያክኩ አያለሁ። ሁሉም የሚቀባው ያችኑ ቱቦ ነው።

ኩሙድ የጽሑፍ ፈተናውን አለፈች። ሩጫውንም አለፈች፤ እንዲያውም ከፊት ነበረች። የቀረው የሐኪም ምርመራ ነበር። መርማሪው ሐኪም ጀርባዋን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ የሚተላለፍ ነው። ማሠልጠኛው ውስጥ አርባ ሴት አንድ አዳራሽ ነው የሚተኛው። ከዝናቡ በኋላ ድጋሚ ምርመራ አለ፤ ድነሽ ተመለሺ» አላት። ካልዳነች ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት የለም፤ ዕድሜዋ ከተፈቀደው ያልፋል። ያ ምርመራ የመጨረሻ ዕድሏ ነበር።

እንግዲህ በእኛ አገር «ዳድ» የሚባል ቃል አለ። ጭርትም ዳድ ነው፤ ግጥም ሲነበብ ሰው «ይበል!» እያለ ለገጣሚው የሚሰጠው አድናቆትም ዳድ ነው። ኩሙድ አንገቷን ደፍታ ወደ ሰፈር ስትገባ ጎረቤታቸው ፑኒያ ደጃፏ ላይ ቆማ፣ «ሰምታችኋል? ኩሙድ ከፖሊሶቹ ዳድ ልትቀበል ሄዳ የራሷን ዳድ ይዛ ተመለሰች!» አለች፤ ሰፈሩ ሳቀ።

ዳዲ ከውስጥ ሰምተው ብቅ አሉ። «ፑኒያ! አንቺ አንዱንም የሰጠሽ ሰው የለም፤ የሚያንገበግብሽ እሱ ነው!»

ሰፈሩ ደግሞ በፑኒያ ሳቀ። ኩሙድ ግን ገብታ አልጋው ላይ በፊቷ ተደፋች።

እናቷ ጎትተው ሆስፒታል ወሰዷት። የቆዳ ክፍሉ ሰልፍ እስከ ግቢው በር ይደርሳል። ሐኪሟ ዶክተር ናኢማ ትባላለች፤ አጠር ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትፈልግ ሴት። ኩሙድ ባዶ ቱቦዎቹን በከረጢት ይዛ ሄዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው። ሐኪሟ አንዱን አንስታ፣ «ይሄ ውስጥ ማሳከክን የሚያስተኛ ነገር አለ። የሚያስተኛው ግን ማሳከኩን ብቻ አይደለም፤ ሰውነትሽ የሚከላከልበትንም ነው። ዘበኛውን አስክረሽ ሌባውን አስገባሽው» አለቻት።

«ሌባውን እንይዘዋለን?» አለች ኩሙድ።

«ሌባው የድሮው ሌባ አይደለም። የድሮውን ክኒን ተላምዶታል። የምሰጥሽ ሌላ ነው፤ እሱም ጊዜ ይፈልጋል። ጠፋ ብለሽ ካቆምሽ ይመለሳል። ደግሞ ብቻሽን አይደለም፤ ቤቱ ሁሉ በአንድ ቀን ይጀምራል። አንቺን ብቻ ማከም በሚያፈስ ጣሪያ ሥር አንዱን ጥግ መወልወል ነው።»

ቤቱ ሁሉ ጀመረ። እንክብሉ ቅባት ካለው ምግብ በኋላ ስለሚዋጥ እናቷ በቅቤ የተጠበሰ ቂጣ ያቀርባሉ፤ ቤተሰቡ በሕክምና መወፈር ያዘ። ልጆቹ «መድኃኒት ደረሰ?» እያሉ ይጠይቃሉ። የሚቀባው ደግሞ ያልተቀላቀለ የጭርት ቅባት ብቻ ነው፤ ክቡ ካለቀበትም አልፎ በዙሪያው ይቀባል። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ፎጣ ተገዛ። አጎቷ ብሪጅናንዳን ያን ቀን አርፍዶ ስለመጣ የደረሰው ባለ አበባ ሮዝ ፎጣ ነው። «እኔ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ» ብሎ ተማጸነ፤ የሚለውጠው ግን አጣ። ልብሱ በትልቅ ድስት ይቀቀላል፤ ተገልብጦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ስፌት ስፌቱ በካውያ ይተኮሳል። ጠባቡ ሱሪም ተሰናበተ፤ ኩሙድ በሰፊ የጥጥ ሱሪ መሮጥ ጀመረች።

ጀርባዋ ጠራ። ጭኗ ጠራ። የልጆቹ እግር ጠራ። ቤቱ እልል ሊል ሲል ወገቧ ላይ እንደገና ወጣ። ቀጥሎ የእናቷ ወገብ ላይ። ቀጥሎ አጎቷ ሱሪውን ከፍ ዝቅ ማድረግ ጀመረ።

ኩሙድ እያለቀሰች ሆስፒታል ተመለሰች። ምርመራው ቀርቧል።

«እንክብሉን ታቋርጣላችሁ?» አለች ሐኪሟ።

«አንድም ቀን!»

«ቱቦዋንስ ደብቆ የሚቀባ አለ?»

«ዳዲ ራሳቸው ፈትሸው ጥለዋታል።»

«የምትለብሱትን ሁሉ ታጥባላችሁ?»

«ሁሉንም! በእናቴ እምላለሁ።»

የማለችው እውነት ነው። ያም ሆኖ ዶክተር ናኢማ አላመነችም፤ ከቁስሉ ትንሽ ፍቄ ላስመርምር ብላ ሸሚዟን ከፍ እንድታደርግ ጠየቀቻት። ኩሙድ እንደ ልማዷ ሱሪዋን በአንድ እጅ ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ሐኪሟ «ልቀቂው» ስትላት እያመነታች ለቀቀችው። ከሥሩ ጣት የምታክል፣ በቋጠሮ የተሞላች፣ ላብ የጠጣች ጥቁር ክር ወጣች። ክቦቹ ክሯን ተከትለው እንደ ዶቃ ተደርድረዋል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ክር ነው።»

«የምንለብሰውን ሁሉ እናጥባለን አላልሽኝም?»

«እሱ እኮ አይለበስም ዶክተር» አለች ኩሙድ፣ ግራ ተጋብታ። «ይታሰራል።»

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። ከዚያ ሳቅ ያዛት፤ ነርሷ በሩን ከፍታ እስክታይ ድረስ ሳቀች። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች እንባዋን እየጠረገች። «እኛም ቤት ክታብ የሚንጠለጠለው በዚሁ ክር ነው፤ እናቴ ለኔም አስራልኝ ነበር። የለበሳችሁትን ብዬ ጠየቅሁ፣ የለበስሽውን ነገርሽኝ። የታሰረውን መጠየቅ ነበረብኝ! ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?»

«ከተወለድኩ በስድስተኛው ቀን።»

እንደዚያ ነው። ሕፃን በተወለደ በስድስተኛው ቀን ከክፉ ዓይን እንዲጠብቀው ጥቁር ክር ወገቡ ላይ ይታሰርለታል። ሲያረጅ አዲሱ ከታሰረ በኋላ ነው አሮጌው የሚፈታው፤ ወገብ ለአንድ አፍታ እንኳ ባዶውን አይቆይም። እንግዳ ሰው እንዲያየውም አይደረግም፤ ኃይሉ ይቀንሳል ይባላል። ኩሙድ ሐኪም ፊት በቆመች ቁጥር ሱሪዋን ጠበቅ የምታደርገው ለዚህ ነበር። ቤተሰቡ አንሶላውን ቀቅሎ፣ ካልሲውን ተኩሶ፣ በየሰው ወገብ ላይ ያለውን እርጥብ ክር ረስቶታል። መርሳት እንኳ አይባልም፤ ክሩን ከአካላቸው ለይተው አይተውት አያውቁም።

«ይቆረጥ» አለች ሐኪሟ። «የሁላችሁም። በአንድ ቀን።»

መናገሩ ቀላል ነው። ያንን ክር ለቤቱ ሰው ሁሉ ያሰሩት ዳዲ ናቸው። የራሳቸውም እንዲሁ። በእነሱ ሰፈር ደግሞ የወገብ ክር የሚቆረጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሰው ሞቶ ሬሳው ወደሚቃጠልበት ቦታ ከመሄዱ በፊት። በሕይወት ያለ ሰው ክር መቁረጥ ሞተሃል ማለት ነው።

ዳዲ ወሬውን ሲሰሙ፣ «በቁሜ ልትገድሉኝ ነው?» አሉ።

አጎቷ ሊያስረዳ ሞከረ። «እማ፣ ዘመኑ ተለውጧል። ይሄ ሳይንስ ነው።»

«ዝም በል! በሮዝ ፎጣ ገላውን የሚያደርቅ ሰው ለኔ ሳይንስ ሊያስተምረኝ!»

ኩሙድ የራሷን ቆርጣ መጣል ትችል ነበር። የሚተኙት ግን በአንድ አልጋ ነው፤ ሐኪሟም የሁላችሁም ብላለች። ደግሞም አያቷን ልትሰብራቸው አልፈለገችም። ዳዲ አኩርፈው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ እንክብሉንም አልውጥም አሉ። የምርመራው ቀን እየቀረበ ነው፤ ኩሙድ ግን ሩጫዋን እንኳ ተወች። ለምን ልሩጥ፣ ወዴት ልደርስ፣ ትላለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ የዳዲን ፀጉር ዘይት ስትቀባ፣ አሮጊቷ የማበጠሪያውን እጀታ በሳሪያቸው ሥር ሰድደው ወገባቸውን ሲያክኩ አየቻቸው። ቀስ ብለው፣ ሰው እንዳያያቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

«ዳዲ፣ ያሳዩኝ።»

«ምኑን?»

«ያሳዩኝ ዳዲ።»

መጀመሪያ ተቆጡ። ከዚያ የልጅቱን ፊት አዩና ሳሪያቸውን ትንሽ ዝቅ አደረጉ። ወገባቸውን የዞረው ሁሉ የተላጠ፣ የቀላ፣ አንዳንዱም የሚያዥ ነበር። ኩሙድ በዘይት እጇ አፏን ያዘች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካንቺ በፊት ሳይሆን አይቀርም» አሉ ዳዲ። «ክሩ ከምን ጠበቀዎት እንዳትሉኝ ነው የደበቅሁት።»

አብረው አለቀሱ። ይህን ስትነግረኝ ኩሙድ ሻይዋን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች።

በማግስቱ ማለዳ ዳዲ መቀስ ይዘው ግቢው መሃል ቆሙ። «ሁላችሁም ኑ!» አሉ። ቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ፤ ፑኒያም በግድግዳው ላይ አንገቷን አሰገገች።

«ሕፃን ሲወለድ ክር አለው?» ብለው ጠየቁ።

«የለውም» አለ አጎቷ፣ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሳይገባው።

«መቼ ነው የሚታሰርለት?»

«በስድስተኛው ቀን።»

«እስከዚያ ማን ነው የሚጠብቀው?»

አጎቷ ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ ልጆቹን።

«እናቱ ናታ፣ እናንተ ደንቆሮዎች! እናቱ አጠገቡ አለች፤ ክር አያስፈልገውም። እንግዲህ ስሙኝ። ማንም አልሞተም። ዛሬ ሁላችሁም ተወለዳችሁ። እናታችሁ እኔ ነኝ፣ አጠገባችሁ ነኝ። ስድስተኛው ቀን መቼ እንደሚሆን የምትነግረን ሐኪሟ ናት።»

አጎቷ ጢሙን እየጠመዘዘ፣ «እኛን እርስዎ ጠበቁን እንበል፤ እርስዎንስ እማ፣ ማን ይጠብቅዎታል?» አለ።

ዳዲ በመቀሱ ወደ ኩሙድ ጠቆሙ። «ፖሊስ» አሉ።

ከዚያ ከማንም በፊት የራሳቸውን ቆረጡት። ክሩ ሲወድቅ የኩሙድ እናት ጮኹ፤ ዳዲ ግን ቆመው ወዲያና ወዲህ አዩና፣ «ይኸው አለሁ» ብለው መቀሱን ለልጅ ልጃቸው ሰጡ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ ሁሉም ሕፃን ሆነ። የጭነት መኪና ሹፌሩ ከሥራ ሲገባ እናቱ፣ «መጣህ የኔ ጨቅላ? ወተትህን ጠጣ» ይሉታል። እሱም፣ «ታቅፈው ካልሰጡኝ አልጠጣም» ይላቸዋል። እንክብል መዋጥ የቀረ የለም፤ ዳዲ እያንዳንዱን አፍ አስከፍተው ያያሉ።

ወገቦቹ መጥራት ጀመሩ። ቀዩ ጠርዝ መጀመሪያ ደበዘዘ፣ ቀጥሎ መላጥ አቆመ፣ ከዚያ ክሩ በነበረበት መስመር ላይ እንደ ሕፃን ቆዳ ፈካ ያለ አዲስ ቆዳ ወጣ። ዶክተር ናኢማ ጠራ ካለች በኋላም ተጨማሪ እንዲወስዱ አዘዘች፤ ወሰዱ። ኩሙድ ወደ ግድቡ ተመለሰች። አሁን ስትሮጥ ልጆቹ ከኋላዋ ይከተላሉ፤ ዳዲም ከሩቅ ቆመው፣ «እግርሽን አንሺ! ሌባው አመለጠ!» ይላሉ።

የምርመራው ቀን ያው የመጀመሪያው ሐኪም ነበር የተቀመጠው። ጀርባዋን አየ። ወገቧን አየ። ጭኗ ላይ ሲደርስ ቆም አለ፤ ነጫጭ ሰንበሮች አሉ።

«ይሄስ?»

«ቱቦው የተወልኝ ነው ጌታዬ። ቆዳውን አቅጥኖት ነው። አይጠፋም፣ አይተላለፍም ግን።»

በባትሪ አበራበት፤ በጣቱ ጫን አለው፤ አጉሊ መነጽር አስመጥቶ ደግሞ አየ። ኩሙድ ጣሪያውን ታያለች። በመጨረሻ ቀና ብሎ፣ «ባለፈው የመለስኩሽ ልጅ አንቺ ነሽ?» አላት።

«አዎ ጌታዬ።»

«ማን አከመሽ?»

የዶክተር ናኢማን ስም ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ፤ አሁን ግን በደስታ ነው። «ብቁ» አለና ለጸሐፊው አስመዘገበ። «ቀጣይ!»

ዳዲ ውጭ የአጥሩ ግንብ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ኩሙድ ከበሩ ስትወጣ ቀጥ ብላ ቆማ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ከግንቡ ላይ እንዴት እንደወረዱ ያየ የለም። ጥበቃው፣ «እማማ፣ እዚህ መጨፈር ክልክል ነው» ቢላቸው፣ «በል እሰረኝ! የፖሊስ አያት ነኝ!» አሉት።

በዚያ ሳምንት ዶክተር ናኢማ ሕክምናውን ጨረሰች። ዳዲም፣ «እንግዲህ ስድስተኛው ቀን ደረሰ» ብለው ደገሱ። የወተት ሩዝ ተቀቀለ፤ ሴቶቹ ከበሮ ይዘው ልጅ ሲወለድ የሚዘፈነውን ለእነዚያ ሁሉ ትልልቅ ሰዎች ዘፈኑ። ብሪጅናንዳን ዓይኑ ተኩሎለት መሃል ተቀመጠ። ክር ማሰሩ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ዳዲን አየ። አሮጊቷ አዲሶቹን ክሮች አንድ ላይ ጠቀለሉና በአልጋው እግር ላይ አሰሯቸው። «ክፉ ዓይን ከመጣ አልጋውን ይብላ» አሉ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ጥቂት ሰንብቶ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ፑኒያ በጓሮ በኩል መጣች። ሳሪዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። በመጨረሻ፣ «ዳዲ» አለች፣ «እኛንም ይውለዱን።»

«ስንት ናችሁ?»

«ባለቤቴን ጨምሮ ሰባት።»

«ባልሽን መውለድ ይከብደኛል፤ ግን ይምጣ» አሉ።

እንዲህ እያሉ የሰፈሩን ግማሽ ወለዱት። የመጣውን መጀመሪያ ዶክተር ናኢማ ዘንድ ይልካሉ፤ እንክብሉን ይዞ ሲመለስ ነው መቀስ የሚያነሱት። ሐኪሟም የወገብ ክር ያለው በሽተኛ ሲገጥማት፣ «ለብሰሃል?» ማለት ትታ፣ «ታስሮልሃል?» ማለት ጀምራለች አሉ።

«ላላንስ?» አልኳት።

«ይሸጣላ! ያው አይተውታል፣ እዚህም ይሸጣል» ብላ በአገጯ ወደ መድኃኒት ቤቱ ጠቆመች። «በደረስኩበት ሁሉ ቱቦዋን ከባንኮኒ ላይ አነሳታለሁ። ማሠልጠኛ ውስጥ ግን አንድም ሴት አልተቀባችም። በመጀመሪያው ቀን የአዳራሹ አለቃ ተደርጌ ተመርጬ ስለነበር፣ መጀመሪያ የለየሁት ፎጣ ነው። ስቀውብኝ ነበር፤ ስንመረቅ ግን አርባችንም ንጹሕ ነበርን።»

የባቡሯ ስም በድምፅ ማጉያው ተጠራ። ኮፍያዋን አጠለቀች። የዶክተር ናኢማን የሥራ ቀናት ነገረችኝ፤ ብቻዬን እንዳልሄድ፣ አብረውኝ የሚኖሩትን ሁሉ ይዤ እንድሄድ አስማለችኝ። ሻዩን ልክፈል ብል እምቢ አለች። ሻንጣዋን ይዤላት እስከ ባቡሩ ደረጃ ሸኘኋት።

«ዳዲ ደህና ናቸው ታዲያ?» አልኳት።

«ደህና ናቸው፤ ግን ይማረራሉ» አለች በሩ ላይ ቆማ። «ድሮ ሰፈሩ እኔን የዳዲ ልጅ ልጅ ነበር የሚለኝ። አሁን እሳቸውን የፖሊሷ አያት ይላቸዋል። ስሜን ወሰደችብኝ እያሉ በየቤቱ እየዞሩ ይከሱኛል፤ ያልሰማ ቤት እንዳይቀር ደግሞ አንዳንዱ ጋ ሁለት ጊዜ ይሄዳሉ።»